«እስካሁን አልተሻለዎትም እንዴ?»

ወዳጆቼ፣ ልጆቼ (የድሮ ተማሪዎቼን «ልጆቼ» እንደምል ታውቃላችሁ፣ ሽበት ያበቀላችሁትንም ጭምር)። ጽሑፉ ይረዝማል፣ ቡና እያፈላችሁ አንብቡት።

ባለፈው ቅዳሜ ሽንኩርት ልገዛ እስከ ጉሊት ወርጄ ስመለስ አንድ የድሮ ተማሪዬ መንገድ ላይ አገኘኝ። ከመኪናው ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ሳመኝ፣ ፌስታሌን ተቀበለኝ። ከዚያ ከዘራዬን አየና፣ «ቲቸር፣ እስካሁን አልተሻለዎትም እንዴ? የባለቤቴ እናት እኮ ያንኑ ኦፕራሲዮን ተደርገው በሁለት ወራቸው ሰርግ ላይ እስክስታ ወረዱ!» አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ሊያበረታታኝ ፈልጎ ነው። እኔም «እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብዬ፣ ስቄ ተሰናበትኩት። ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በ66 ዓመቴ!

ኅዳር ሚካኤልን አንግሼ በማግስቱ ነው የቀኝ ጉልበቴን የተቀየርኩት። በዚህ ወር 13 ሰባት ወር ይሞላኛል። በነዚህ ሰባት ወራት ያቺን ጥያቄ ከሰው ሁሉ ሰምቻታለሁ፤ ከጎረቤት፣ ከዕድር፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ በስልክ ከባሕር ማዶ። ስለዚህ ለሁላችሁም አንዴ ልመልስ ብዬ ነው። መልሱ «ተሽሎኛል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው» የሚል ነው። ደግሞ «ቀስ» ያልኩት አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለቴ አይደለም። እኔም ይህን ለማመን ወራት ፈጅቶብኛል።

«ጉልበት ተቀየረ» ሲባል ብዙ ሰው የመኪና ጎማ መቀየር ይመስለዋል። አሮጌውን መፍታት፣ አዲሱን ማሰር፣ መንዳት። እኔም እንዲያ ነበር የመሰለኝ፣ አልዋሻችሁም። የሚሠሩት ግን እንዲህ ነው። የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍና ከሥሩ ያለው የእግር አጥንት አናት በስሱ ይቆረጥና በብረት ይሸፈናል። በሁለቱ መካከል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ብረቱ ሰውነት ለመሸከም ጊዜ አይፈጅበትም፤ እኔን በማግስቱ ነው ዎከር አስይዘው ያቆሙኝ። ጊዜ የሚፈጀው ሥጋው ነው። የተቆረጠው፣ የተለጠጠው፣ የደማው፣ ያበጠው ሁሉ እየዳነ መለማመድ አለበት። የጭን ጡንቻ ብቻውን በመጀመሪያው ወር ከኃይሉ ግማሽ ያህሉን ያጣል። እብጠቱና ሙቀቱ ወራት ይቆያል፤ ሰውነት ሙሉ በሙሉ እስኪለምደው አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳል። አማርኛችን መገጣጠሚያውንም ኃይልንም በአንድ ቃል «ጉልበት» ማለቱ አሁን ነው የገባኝ። ሐኪሙ የቀየረልኝ አንደኛውን ነው። ሁለተኛውን ራሴ ነኝ የማመጣው።

ከሆስፒታል ስወጣ የሰፈር ጎረምሶች ወንበር ላይ አስቀምጠው ሦስተኛ ፎቅ አወጡኝ (ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለውም፣ ታውቃላችሁ)። ይባረኩ። ታላቅ እህቴ ደግሞ ከደብረ ብርሃን መጥታ ጠበቀችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኔ አራስ ሆንኩ። «ተኚ! ምን አስነሳሽ?» ውሃ ልቅዳ ብል «ተኚ!»፣ መስኮት ልክፈት ብል «ተኚ!»። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር እንቁላልና ሥጋ እንድበላ ሐኪሙ ማዘዙም ሌላ ጣጣ አመጣ፤ የነፍስ አባቴ መጥተው «ሕመምተኛ አይገደድም» እስኪሏት ድረስ እህቴ እሺ አላለችም። ጠያቂው በበኩሉ ብርቱካኑንና ሙዙን ተሸክሞ ይመጣል፣ እኔን ከብቦ ቁጭ ይላል፣ ሁለት ሰዓት ያወራል። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ እግሬን አላጥፍም፤ እንግዳ ፊት እንዴት እግሬን ገልጬ «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት» እያልኩ እቆጥራለሁ?

ከሁሉ የባሰችው ትራሷ ናት። ጉልበቴ ሲያመኝ እህቴ ከሥሩ ለስላሳ ትራስ ታደርግልኛለች፣ እግሬ ትንሽ እጥፍ ይልና ሕመሙ ጋብ ይላል። ገነት ነበር የመሰለኝ። በአሥረኛው ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ ቤት መጣች። ልጅ እግር ናት፣ የመጨረሻ ልጄ እኩያ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ትራሱን አየችና፣ «እማማ፣ ይቺን ማን ነው እዚህ ያስቀመጠው?» አለች። እህቴ በኩራት «እኔ ነኝ» አለቻት። ልጅቷ በትሕትና ትራሱን አወጣችና ተረከዜ ሥር አደረገችው፤ ጉልበቴ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጮህኩ። ለካ ጉልበት ታጥፎ ከዳነ ታጥፎ ይቀራል። እግር ቀጥ ካላለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያነክስ ይኖራል፣ ወገቡንም ይጨርሰዋል። ማጠፍ ላይ ሁሉም ሰው ያስባል፣ መዘርጋቱን ግን የሚያስታውስ የለም። በአሥር ቀን ፍቅር ያጣሁትን መዘርጋት ለመመለስ ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ።

እህቴን ለመውቀስ አይደለም ይህን የጻፍኩት። ያለ እሷ አልነሳም ነበር። ግን እኛ ማስታመም የምንለው ነገር ለትኩሳት፣ ለወባ፣ ለወሊድ የተሠራ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ማስታመም ማለት በሽተኛውን ከአልጋ ማስነሳት ነው። ልትጠይቁ ስትሄዱ ሙዙን ተዉትና «ኑ እስከ በሩ እንሂድ፣ ክንዴን ይያዙ» በሉ። ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ጊዜ አብራኝ እየተመላለሰች ስለ ልጆቿ የምታወራልኝ አንዲት ጎረቤት አለችኝ፤ ከጠያቂዎቼ ሁሉ የጠቀመችኝ እሷ ናት። ምንም ይዛ አልመጣችም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፣ የሒሳብ መምህር ነኝና ካልቆጠርኩ አልተኛም። ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ ሊጥለው የነበረውን ትልቁን የሰሌዳ ፕሮትራክተር፣ የእንጨቱን፣ ይዤው መጥቼ ነበር። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ጀርባችሁ ያስታውሰዋል። የአሥር ዓመት የልጅ ልጄ በየእሁዱ እሱን ጉልበቴ ላይ እያስደገፈች ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ትለካልኛለች። የገና ሰሞን «እማዬ 102!» ብላ ስትጮህ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ወዲያው ነቃሁ፤ የለካችው በጭኔና በባቴ መካከል ያለውን ማዕዘን ነው። ከ180 ሲቀነስ የታጠፈው 78 ነበር።

78 ዲግሪ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሜዳ ላይ ለመራመድ 70 ገደማ ይበቃል። ደረጃ በሥርዓቱ ለመውጣትና ለመውረድ ወደ 90 ይጠጋል። ከዝቅተኛ ወንበር ለመነሳት ከ100 በላይ ይፈልጋል። ቁጢጥ ለማለት ደግሞ እጅግ የበለጠ። በ78 ዲግሪ ዱካ ላይ አልቀመጥም፣ ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር አልገባም፣ ለቅሶ ቤት ሄጄ የቁጢጥ ሽንት ቤት አልጠቀምም። ለቅሶ ስሄድ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ሳልጠጣ የምውለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

ከገና በኋላ ሐኪሙ አየኝና ፊቱ ጨለመ። «እስከ የካቲት መጀመሪያ 90 ካልደረሰ አደንዝዘን በእጃችን ማጠፍ ሊኖርብን ነው» አለኝ። በውስጡ የተጣበቀውን በግድ ማላቀቅ ማለት ነው። ጥምቀት መጣ፣ 80። ታቦቱን ከበረንዳ ላይ ሆኜ ተሳለምኩ። የሚቀጥለው እሁድ 80። ከዚያም የሚቀጥለው፣ 80። በቀን አራት ጊዜ እየሠራሁ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ፎጣ በእግሬ ላይ ጠምጥሜ እየጎተትኩ፣ 80! ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ በየትኛው ጎን ብዞር ያመኛል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ምን በወጣኝ ተነካሁ፣ አሮጌው ይሻለኝ ነበር» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይህ ሐሳብ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ፊዚዮቴራፒስቷ ነገረችኝ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የማይጸጸት ታማሚ ብዙም አላየሁም ነው ያለችኝ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይህን አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እነዚያን ሌሊቶች ከራሴ ጋር ባልተጣላሁ።

ሰው ሁሉ ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። ኧረ በናታችሁ፣ እንቁላሉ እኮ ቀዶ ሕክምና አልተደረገለትም!

በእነዚያ ሰማንያን ባላለፍኩባቸው ሳምንታት አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጥ ነበር። ይሠራ ነበር፣ ደብተሩን አይቼዋለሁ፣ ተሰርዞ ተደልዞ የሞላ። ግን አይገባውም። እኔ ደግሞ ክፍሉ ፊት ውጤት እያነበብኩ «ጓደኞችህ ሁሉ ገብቷቸዋል፣ አንተ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት። አንድ ቀን ብቻ አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ ገባው፣ ድንገት፣ ሁሉም አንድ ላይ። ያን ጊዜም «ቀድሞ ብትሠራ ኖሮ» አልኩት እንጂ አላመሰገንኩትም። ሲሠራ እንደነበር ለካ አላየሁም፤ የሚታየኝ ቁጥሩ ብቻ ነበር። በ34 ዓመት ውስጥ ስንቱን እንደዚያ አድርጌው ይሆን? ስምህን አልጽፍም። እዚህ ካለህ ራስህን ታውቃለህ። ይቅርታ አድርግልኝ።

የኔም ቁጥር ድንገት ነው የተነቃነቀው። የካቲት መግቢያ ላይ 84፣ በሳምንቱ 89፣ ሐኪም ቤት በቀጠሮዬ ዕለት 93። አልተደነዘዝኩም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምን የተለየ ነገር አደረግሽ ብትሉኝ አንድ ነገር ብቻ ቀይሬ ነበር፤ የሕመም ማስታገሻዬን በሥርዓቱ መዋጥ ጀመርኩ። ከዚያ በፊት «ሱስ ይሆንብኛል፣ ጨጓራዬን ይበላዋል» እያልኩ በራሴ ሥልጣን አቁሜው ነበር። ጀግና መሆኔ ነው። ሕመሙን መቻል የቻልኩ መስሎኝ እግሬን ግን ማጠፍ አልቻልኩም። ሐኪሙ ባዘዘልኝ መጠን፣ ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብዬ ስውጠው፣ ጡንቻዬ መፍራቱን ተወ። ከሠራሁ በኋላ ደግሞ በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ አደርጋለሁ (መብራት ካልጠፋ)።

ስለ ወጌሻውም ልንገራችሁ። ሰማንያ ላይ ተጣብቄ ሳለሁ አንድ ዘመዴ አዝኖልኝ ወጌሻ ከነቅቤው ይዞ መጣ። ወጌሻ ንቄ አይደለም፣ በልጅነቴ ከዛፍ ወድቄ የተጎዳ ክንዴን ያሸልኝ ወጌሻ ነው። ግን ከውስጡ ብረት ያለበትን ጉልበት፣ ጠባሳው ገና የቀላን፣ ማሸትና መጎተት ሌላ ነገር ነው። ቁስል ከተከፈተና ጀርም ከገባ ብረቱን እስከ ማውጣት ያደርሳል። እሺ ልል ትንሽ ነው የቀረኝ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ምን የማይሞክረው አለ? ቡና አጠጥቼ ሸኘሁት።

ወንድ ልጄ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው። ለሕክምናው ትልቁን ገንዘብ የላከው እሱ ነው። ማታ ማታ ይደውልና «የሥራ ባልደረባዬ እናት በማግስቱ ቤቷ ገባች፣ በሦስተኛ ሳምንቷ ያለ ዱላ ሄደች፣ ያንቺ ለምን ዘገየ?» ይለኛል። እሱ የሴትዮዋን ፍጥነት ነው የሚያወራኝ። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው፤ ፊዚዮቴራፒስት በሳምንት ሦስቴ ቤቷ ድረስ ይመጣላታል፣ መታጠቢያ ቤቷ መያዣ ብረት ተገጥሞላታል፣ የምትኖረውም ምድር ቤት ነው። ሰውና ሰውም አይመሳሰልም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሐኪም የተሠሩ ሁለት ሰዎች እንኳ በተለያየ ጊዜ ነው የሚድኑት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጉልበታቸው ምን ያህል ይታጠፍ እንደነበር ብቻውን ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የእኔው ለዓመታት ሳይታጠፍ የደረቀ ነበር፤ «ትንሽ ልታገስ» እያልኩ ነው ያደረቅኩት።

አሁን ወደ ሆዴ ያለው ነገር ልግባ። ሆስፒታሉን አልጠራም፣ ሐኪሙ እጁ የተባረከ ነው፣ ነርሶቹም ደግ ናቸው። ግን ከመግባቴ በፊት ስለ ክፍያው ሦስት ጊዜ ተነጋግረናል፣ ስለ ማገገሚያው አንድም ጊዜ። ስወጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የፈረንጅ ሴትዮ ሥዕል ያለበት አንድ ወረቀት ሰጡኝ። እኔስ አነበብኩት። እህቴስ? የሚያስታምመኝ ሰው እኮ እሷ ናት! «ከጉልበት ሥር ትራስ አታድርጉ» የምትል አንዲት የአማርኛ መስመር ስድስት ሳምንቴን ታተርፍልኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷን ራሴ አፈላልጌ፣ ለብቻ ከፍዬ ነው ያመጣኋት። ገንዘቡ ለኦፕራሲዮኑ አልቆ ስለነበር በወር ስምንቴ መምጣት ሲገባት አራቴ ነው የጠራኋት።

ስለዚህ አቋሜ ይኸው። የጉልበት ቅየራ የሚያደርግ ሆስፒታል ሁሉ የማገገሚያውን ክትትል ከዋጋው ውስጥ አስገብቶ መንገር አለበት፣ የሚያስታምመውንም ሰው ቁጭ አድርጎ በገዛ ቋንቋው ማስተማር አለበት። ይህ እስኪሆን ደግሞ እናንተ፣ እናታችሁን ወይ አባታችሁን ለማሳከም ገንዘብ የምታዋጡ ልጆች፣ ያላችሁን ሁሉ ቀዶ ሕክምናው ላይ አትጨርሱት። ቢያንስ ለሦስት ወር ፊዚዮቴራፒ የሚሆን አስቀሩ። ከሌላችሁ ቀዶ ሕክምናውን ትንሽ አዘግዩት፣ በዚያ ጊዜ ወላጃችሁ የጭን ጡንቻቸውን ያጠንክሩ፤ ይህም ይጠቅማል። «በልጆቼ ገንዘብ ተሠርቼ አልዳንኩም» ብሎ አልጋ ላይ ማፈር ከሕመሙ ይብሳል። ልጄ ሲደውል ድምፄን አሳምሬ የማወራው ለዚህ ነበር። ይህን ሲያነብ ሊያዝን ነው፣ እሱም ይወቀው።

ደግሞ ሁሉንም «ቀስ ብሎ ይድናል» ብላችሁ እንዳታልፉት። ባት ላይ ድንገት የመጣ ሕመምና እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም እየባሰ የሚሄድ መቅላት ካለ፣ ያኔ መቆየት አይገባም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው። ደም ሊረጋ ይችላል፣ ጀርምም ሊገባ ይችላል። በተረፈ ግን ጠባሳው አጠገብ ያለው ቆዳ መደንዘዙ፣ ስራመድ ውስጡ «ቀጭ ቀጭ» ማለቱ፣ ማታ ማታ መሞቁ እኔን ብዙ አስፈርቶኝ የነበረ፣ ሐኪሙ ግን «የተለመደ ነው» ያለኝ ነገር ነው። ሐቁን ለመናገር ደግሞ ሁሉም ሰው አይረካም። በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ በውጤቱ ሙሉ በሙሉ እንደማይደሰት ያሳያሉ። እኔ ከየትኞቹ እንደሆንኩ ለመናገር ዓመቱ አልሞላም።

ያለሁበትን ልንገራችሁ። ባለፈው እሁድ 108። እግሬ ቀጥ ይላል። ሌሊት እተኛለሁ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያ አጥንት ከአጥንት የሚፋጨው የድሮው ሕመም ጠፍቷል፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የለም፤ በአዲሱ ሕመም ተከልሎ ስለነበር ለካ አላስተዋልኩትም። ደረጃ ስወጣ በደህናው እግሬ እጀምራለሁ፣ ስወርድ በተሠራው። ፊዚዮቴራፒስቷ «ጻድቁ ወደ ላይ፣ ኃጥኡ ወደ ታች» ብላ ነው ያስተማረችኝ፤ አልረሳውም። ለስቅለት አልሰገድኩም፣ ኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት፣ ሆዴ ባብቶ ነበር። ቡና ላይ ሁሉም ዱካ ላይ ሲቀመጥ እኔ ከፍ ያለ ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተኮፍሼ ነው የምጠጣው። ይሳቅብኛል፣ ልመዱት ብያለሁ።

ያ መንገድ ላይ ያገኘኝ ልጅ ይህን ቢያነብ እንዳይቀየመኝ። ለአማትህም እስክስታቸውን እግዜር ያብዛላቸው። በሚቀጥለው ስታገኘኝ ግን «ስንት ደረሰ?» በለኝ። ቁጥሩን እነግርሃለሁ፣ ከፈለግህም ፕሮትራክተሩ እዚሁ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

ልጅቷ ሐሙስ ትመጣለች። እስከዚያ በቀን አራት ጊዜ፣ ሃያ ሃያ።